ቆሞ የሚንቀጠቀጥ መኪና

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በምሄድበት ታክሲ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንድ አዛውንት መካኒክ ወሬ ጀመሩ።

«ያባቴ መኪና ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል» አለ ወጣቱ። «የድሮ ቅንጡ አውቶሞቢል ነው።»

«ካንዴላ ቀየርክ?»

«ቀየርኩ። ካርቡራተሩንም አሳጠብኩ፤ ያው ነው።»

«የአየር ቱቦው ተሰንጥቆ ይሆናል። ሞተሩ እየሠራ ውሃ ርጭበት፤ ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ እሱ ነው። ስትነዳውስ?»

«አይነዳም፣ ጋሼ። ግቢ ነው የሚቆመው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

«አባቴ ሾፌር ነበር፤ አሁን ሁሉን ይረሳል። ሞተር አስነስቼ መሪ ካላስያዝኩት አይበላም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ግን ድሮ ይነዳበት የነበረው የገረሴ መንገድ ላይ ያለ ይመስለውና ተሳፋሪዎቹን ‹ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ገደል ነው!› እያለ ያለቅሳል።»

መካኒኩ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ቤታችሁ የት ነው? አሁን እንሂድ።»

መውረጃዬን አልፌው ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አልፈለግሁም።