ከአዋጅ ነጋሪው ጋር የበላነው ምሳ

አንኮበር ገበያ ነጋሪት ተጎሰመና አዋጅ ነጋሪው፣ «ከእንግዲህ ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ የሰደበ ይቀጣል» አለ። ሕዝቡም እልል አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማረሻ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝና እንባዬ መጣ። ሰውየውን ለምኜ ቤቴ ወሰድኩት፤ ሚስቴም የበግ ወጥ አቀረበችለት። እሱ ግን ገና ሳይቆርስ አሽከሩን ጠርቶ በጋቢ አስጋረደ፤ ዓይኔ እንዳያርፍበት መሆኑ ነው። «ጌታዬ፣ አዋጁስ?» አልኩት። ከጋቢው ሥር እያላመጠ፣ «አዋጁ አትሳደቡ ነው የሚለው። ሰደብኩህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልሰደበኝም። ወጡን ግን ጥርግ አድርጎ በላው።

በማግስቱ ሆዱን ቁርጠት ያዘውና ዘመዶቹ ደጄን ሞሉት። የታላቅ ወንድሙ ትሕትና ልዩ ነበር። «ያንን ስም መጥራት ተከልክሏል፤ እኛም አንጠራህም። ብቻ የበላኸውን ሰው ልቀቅልን» አለኝ። «የበላው እሱ፣ ያበላሁት እኔ» ብል ማን ይስማኝ። ይዘውኝ ሄደው ከራስጌው አቆሙኝና እንትፍ በልበት አሉኝ። እንደዚያ ቀን ከልቤ ተፍቼ አላውቅም። ለማታው ተሻለው፤ እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ማን ምን ብሎ ያስተባብላል? በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ አዋጅ ደገመው። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ ብቻ ከሕዝቡ መሃል እኔን ሲያይ ጊዜ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ጨረሰው።