በማኅደር ክፍል የወፍ ቤት

(ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አግብታ የወጣችው የልጃቸው የማኅደር መኝታ ክፍል፤ ጡረተኛው መምህር ደምሰው የልጅቷን አልጋ ፈታትቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ሽቦ ይመታል፣ ባለቤቱ እቴነሽ ከገበያ ገብታ እያለከለከች በሩ ላይ ቆማለች።)

እቴነሽ፦ አልጋውን ፈታኸው?

ደምሰው፦ መጣሽ እንዴ? እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ትንፋሽሽ ይመለስ።

እቴነሽ፦ ምን ላይ ልቀመጥ? መቀመጫውን ፈትተኸዋል እኮ! ልጄ የምትተኛበትን አልጋ ፈታኸው ወይ ነው የምልህ!

ደምሰው፦ ፈታሁት። እግሮቹ ለቋሚ ተመቹኝ። ዋንዛ ናቸው፤ አሁን እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ይመጣል።

እቴነሽ፦ ለወፍ።

ደምሰው፦ ለወፍ።

እቴነሽ፦ ልጅቷ ወሯ ገብቷል ደምሰው። ዛሬ ነገ እያልን ነው። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ከሐኪም ቤት ቀጥታ ወደ እናት ቤት ነው። እኔ እናቴ ቤት ታረስኩ፣ እናቴም እናቷ ቤት። የኔዋ መጥታ የት ልትተኛ ነው? እዚህ ሽቦ ላይ?

ደምሰው፦ ፒንሳውን አቀብዪኝ እስቲ።

እቴነሽ፦ አላቀብልህም።

ደምሰው፦ እሺ፣ እኔው እነሳለሁ። ወይ ወገቤ! ወይኔ!

እቴነሽ፦ ተወው፣ ተቀመጥ። እንካ። ሁለታችንም ብንወድቅ ማን ሊያነሳን ነው።

ደምሰው፦ ተባረኪ። ነይ ደግሞ ይሄንን እዪው። ከጥጉ የተሸጎጠውን ወፍ። ራሱን መልጠውታል እኮ። ማኅደር ስታገባ ጥንድ ፊንች የሚሏቸው ትንንሽ ወፎች ነበር ትታልን የሄደችው። አሁን ያቺ ሚጢጢ ሽቦ ቤት ጢም ብላ ሞልታለች። መቆሚያ እንጨት እየተሻሙ ሲነጫጩ ነው የሚውሉት።

እቴነሽ፦ ይነጫጩ። ሰውም ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየተነጫጨ ነው የሚኖረው።

ደምሰው፦ ሰው ላባ የለውም፤ አይታይበትም።

እቴነሽ፦ በረንዳ ላይ ሥራላቸው።

ደምሰው፦ ብርድ ይፈጃቸዋል። ብርዱ ቢምራቸው የጎረቤት ድመት አትምራቸውም።

እቴነሽ፦ ሳሎን።

ደምሰው፦ ሳሎን ብሠራው ምን እንደምትዪኝ አጣሁት? «እንግዳ ሲመጣ ወጡ ላይ ላባ እየበተንክ ልታበላልኝ ነው?»

እቴነሽ፦ እና አራሷ ላባ ትብላ? ጨቅላው የወፍ አቧራ ይተንፍስ? ዳጉሳውን እየፈነጠሩ፣ እየተንጫጩ፣ ሕፃን እንዴት አድርጎ ነው እዚህ የሚተኛው? መልስልኝ እንጂ! ዝም አትበለኝ!

ደምሰው፦ እምም።

እቴነሽ፦ ምንድነው እምም?

ደምሰው፦ ሚስማር አፌ ውስጥ ነበር። ምን አልሽኝ?

እቴነሽ፦ አሁን ባናገርኩት ቁጥር ሚስማር የሚጎርስ ባል ይሰጠኝ? ደክሞኛል እኮ... ማለቴ ሰልችቶኛል። ከዚህ በፊትስ ስትቀጠቅጠው የከረምከው ሽቦ የት ገባ? ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ሲያማርር አልነበር?

ደምሰው፦ ያው ነው፣ ይሄው ነው። የዶሮ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ሻጩን ለወፍ ነው ስለው ይሄ ይሆንሃል አለኝ። ዶሮም ወፍ ናት፤ ሰውየው አልዋሸም።

እቴነሽ፦ እና ምን ሆነ?

ደምሰው፦ አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ። በሩንማ ድርብ ነው ያደረግኩት፤ ውጪኛውን ሳትዘጊ ውስጠኛው አይከፈትም፣ አንዲት እንዳታመልጥ ብዬ። ኮራሁ። ወዲያው አንዷ መጣችና በቀዳዳው አንገቷን አወጣች። ቀጥላ ደረቷን። ከዚያ ወጥታ ትከሻዬ ላይ አረፈችና ታየኝ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሏት። በበሩ የሄደ የለም።

እቴነሽ፦ ያን ቀን ነው ስገባ መጋረጃው ላይ ተደርድረው ያገኘኋቸው! «ትንሽ ይንሸራሸሩ ብዬ ነው» አልከኝ እኮ!

ደምሰው፦ ምን ልበልሽ? ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ የአገር ስፋት ሳስለካ ኖሬ፣ የወፍ ደረት መለካት አቃተኝ ልበል?

እቴነሽ፦ አታስቀኝ። ተናድጃለሁ።

ደምሰው፦ እያየሁ ነው።

እቴነሽ፦ ታዲያ አሁን ቀዳዳውን በምን ደፈንከው?

ደምሰው፦ በውስጥ በኩል ሌላ ነገር ደርቤበታለሁ።

እቴነሽ፦ ምን?

ደምሰው፦ መረብ ነገር ነው።

እቴነሽ፦ የምን መረብ? ዘወር በል እስቲ። ዘወር በል አንተ ሰውዬ... ይሄ አጎበር ነው።

ደምሰው፦ እምም።

እቴነሽ፦ ሚስማሩን ትፋው! ይሄ ለሕፃኑ የገዛሁት አጎበር ነው። ይኸው ሰማያዊ ጥብጣቡ። በእጄ አጥቤ፣ አጣጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት። ቀደድከው?

ደምሰው፦ አልቀደድኩትም፤ በመቀስ ነው የቆረጥኩት። በሥርዓት።

እቴነሽ፦ በሥርዓት! አንተ ልብ የለህም? አንተ... ቆይ። ቆይ እስቲ። አንተ ይሄን አታደርግም። ገና ሆዷ ሳይታይ ጫማ ገዝተህ የመጣህ ሰውዬ ነህ። ካርታ የማስጠናው እኔ ነኝ እያልክ ላልተወለደ ልጅ አትላስ ያስቀመጥክ። አንተ የዚያን ልጅ አጎበር በመቀስ አትነካም። ደምሰው፣ ልጄ ምን ሆነች?

ደምሰው፦ ምንም!

እቴነሽ፦ ልጄ ምን ሆነች?

ደምሰው፦ ማርያምን! ምንም አልሆነችም! ደህና ናት፣ ሕፃኑም ደህና ነው፣ ሲራገጥ ነው የሚውለው። ነይ እዚህ ፍራሹ ላይ ቁጭ በይ። ፊትሽ ተለዋወጠ እኮ።

እቴነሽ፦ እና ምንድነው?

ደምሰው፦ እዚህ አትመጣም።

እቴነሽ፦ ማን?

ደምሰው፦ ማኅደር። ስትወልድ እዚያው አዳማ ነው የምትታረሰው። አማቷ ቤት።

እቴነሽ፦ ...

ደምሰው፦ እቴነሽ? አንቺም ሚስማር ጎረስሽ እንዴ?

እቴነሽ፦ መቼ ነው የነገረችህ?

ደምሰው፦ እንጨት መግዛት የጀመርኩ ሰሞን።

እቴነሽ፦ ስለዚህ የወፍ ቤት አልነበረም የምትሠራው። ከእኔ ነበር የምትደበቀው።

ደምሰው፦ ሁለቱም። ወፎቹም እውነት ተነጫጭተዋል።

እቴነሽ፦ እኔ ገብሱን አስፈጭቼ! ቅቤውን አንጥሬ! ሰዉ መቼ ነው የምትመጣልሽ ሲለኝ አልጋዋን አንጥፌ እየጠበቅኳት ነው እያልኩ! ማኅበርተኞቼን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? እናቷ በሕይወት እያለች አማቷ ቤት ታረሰች! እናቱ የሞተችበት ሰው ነው እኮ እንዲህ የሚሆነው!

ደምሰው፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።

እቴነሽ፦ ይስማ! ያቺ ሴትዮ ናት። ከሰርጉ ቀን ጀምሮ አውቄያታለሁ፤ «ልጄ፣ ልጄ» ስትላት። የማን ልጅ? ስልኬን ስጠኝ።

ደምሰው፦ አትደውዪ።

እቴነሽ፦ ለሴትዮዋ አይደለም፤ ለልጄ ነው የምደውለው። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አጥብቼ፣ እንዲህ ታደርጊኛለሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። ስጠኝ!

ደምሰው፦ አትደውዪላት እቴነሽ፤ ወሯ የገባ ሰው ናት፣ አታስደንግጫት። እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።

እቴነሽ፦ አንተ ምንህ ነው?

ደምሰው፦ አትምጪ ያልኳት እኔ ነኝ።

እቴነሽ፦ ድገመው።

ደምሰው፦ ደወለች። «አባዬ፣ እማዬ ደህና ናት? ድምጿ አላማረኝም» አለችኝ። ደህና ናት ልላት አፌን ስከፍት ከደረጃው ሰማሁሽ። ዘንቢሉን አስቀመጥሽ። ተቀመጥሽ። ተነሳሽ። አንድ ፎቅ ወጣሽና ደግሞ ተቀመጥሽ። ወርጄ ልቀበልሽ ጫማዬን ሳደርግ ከላይ ሰው መጣ። ብድግ አልሽና «አቤት፣ አቤት፣ አይሰማም፣ ቆይቼ እደውላለሁ» ማለት ጀመርሽ። ስልክ የምታወሪ መስለሽ።

እቴነሽ፦ እያወራሁ ነበርና።

ደምሰው፦ በምን? ስልክሽን ቤት ረስተሽው ነበር የወጣሽው። ማኅደር የደወለችው በሱ ነው። እኔ እጅ ላይ ነበር። ልጅቷም «ማናት የምትጮኸው» አለችኝ። እናትሽ ናት፣ ደረጃ ላይ ሆና በባዶ እጇ ስልክ ታወራለች አልኳት። ምን ብዬ ልዋሻት? ገንፎ ስታገነፊ፣ አጥሚት ስታፈዪ፣ ጨርቅ ስታጥቢ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የሚመጣውን ሁሉ ምሳ ካልቀረበለት አይሄድም ስትዪ፣ በእነዚያ ጉልበቶች? አንቺ እኮ አንድ እንግዳ እንኳ ቁጭ ብለሽ አስተናግደሽ አታውቂም። አለቀሰች። «እማዬ ትቀየመኛለች» አለች። ተይው፣ እኔ እነግራታለሁ አልኳት።

እቴነሽ፦ እና ነገርከኝ?

ደምሰው፦ እንጨት ገዛሁ።

እቴነሽ፦ ማን ጠየቀህ? ደክሞኛል አልኩህ?

ደምሰው፦ አላልሽም። ብለሽም አታውቂም። ዛሬ ቅድም አምልጦሽ ጀመርሽና «ሰልችቶኛል» ብለሽ መለስሽው።

እቴነሽ፦ ጉልበቱ የኔ ነው። ብወድቅም የምወድቀው እኔ ነኝ።

ደምሰው፦ ማን ሊያነሳን ነው ያልሽው ቅድም አንቺው አይደለሽ?

እቴነሽ፦ ቢሆንም። ሳትጠይቀኝ። ልጄን ሳትጠይቀኝ ከቤቴ መለስካት።

ደምሰው፦ መለስኳት። ብጠይቅሽ እሺ ትዪኝ ነበር?

እቴነሽ፦ አልልህም ነበር።

ደምሰው፦ እኔም እሱን ነው የፈራሁት። ተቆጪኝ፤ እሷን ግን ተያት።

እቴነሽ፦ ለመቆጣትም አቅም ይጠይቃል... የሴትዮዋ ቤት ምድር ላይ ነው አይደል?

ደምሰው፦ ምድር ላይ ነው። ግቢ አለው፣ ፀሐይ የሚሞቁበት።

እቴነሽ፦ ውሃስ?

ደምሰው፦ ጉድጓድ አላቸው። የባሏ እህቶችም እዚያው ናቸው፤ ያግዟታል።

እቴነሽ፦ እዚህማ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ከታች ማን ሊያወጣ ነው እያልኩ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። የሕፃን ጨርቅ ተከምሮ ይታየኛል።

ደምሰው፦ ስትገላበጪ እሰማለሁ።

እቴነሽ፦ ሁሉን ትሰማለህ፣ ምንም አትናገርም። ደምሰው?

ደምሰው፦ ወይ።

እቴነሽ፦ አትመጣም ስትለኝ፣ ከንዴቱ በፊት ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ?

ደምሰው፦ ምን?

እቴነሽ፦ ደስ አለኝ። እግሬ ሁሉ ቀለለኝ። አንድ ልጄ፣ ያውም የመጀመሪያዋን ልትወልድ፣ አትመጣም ሲሉኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለች እናት አለች? ያን ያህል የጮህኩት አፍሬ ነው።

ደምሰው፦ ደክሞሽ ነው እንጂ ጠልተሻት ነው እንዴ?

እቴነሽ፦ አላውቅም። ማርያም ይቅር ትበለኝ።

ደምሰው፦ ሲበረቱ ይመጣሉ። ለክርስትናው እኛ እንሄዳለን። አንቺ ገብስሽንና ቅቤሽን ይዘሽ በመኪና ነው የምትሄጂው፤ ደረጃ የለበትም።

እቴነሽ፦ ገንፎውን ግን እኔ ነኝ የማገነፋው። የሴትዮዋ ይጓጉላል፤ በሰርጉ መልስ አይቼዋለሁ።

ደምሰው፦ አንቺ ታገነፊያለሽ። ተቀምጠሽ።

እቴነሽ፦ ገንፎ ተቀምጦ ሲገነፋ የት አይተህ... ይሄኛው ጥግ ላይ እኮ አጎበሩ ለቅቋል። አሁን ደግሞ በዚህ ሊወጡልህ ነው? እጥፍ አድርገው፣ እኔ ልያዝልህ። ሚስማሩን አምጣ።

ደምሰው፦ ጣትሽን ዞር አድርጊ።

እቴነሽ፦ ያ የተመለጠው መጀመሪያ ይግባ። ብቻውን ይደርና ይረፍ።

ደምሰው፦ እሺ።

እቴነሽ፦ በል አሁን ደውልላት።

ደምሰው፦ ምን ልበላት?

እቴነሽ፦ ነገርኳት በላት። አልጋሽን ፈታሁት ስላት ጮኸች፣ ተቀየመችኝ፣ ፍራሽሽ ላይ ቁጭ ብላ ምርር ብላ አለቀሰች በላት።

ደምሰው፦ ለምን? ልጅቷ ትጨነቃለች እኮ።

እቴነሽ፦ ትጨነቅ። እናቴ ግልግል አለች ብላ ከምትታረስ፣ እናቴ አልቅሳ ነው የለቀቀችኝ ትበል።

ደምሰው፦ አላለቀስሽም እኮ እቴነሽ።

እቴነሽ፦ ደውል አንተ። እስክታነሳው እንባው ይመጣል።