አያ ይርጋ ያሰሩት ክንድ

አያ ይርጋ በጋፋት ዙሪያ ስመ ጥር ወጌሻ ናቸው። «እጃቸው የነካው አጥንት ይገጥማል» እየተባሉ ሠላሳ ዓመት ተመስግነዋል፤ ምስጋና ደግሞ ሲበዛ እንደ ጠላ ያሰክራል። የዚያን ማለዳ ግን ስካሩ ለቋቸው ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ባለቤታቸው እትዬ አበራሽ ወድቀው ክንዳቸው ቢሰበር፣ አያ ይርጋ በቀርከሃ ስንጥር ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ሲነጋ ጣቶቹ አብጠው ጠቋቁረዋል።

ለማሻ የሚሆን ቅቤ ፍለጋ ሲጣደፉ ፍሬሕይወትን መንገድ ላይ አገኟት። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ አጥንት ክፍል ነርስ ነች።

«ደህና አደሩ አያ? ምነው ፊትዎ ተለዋወጠ?»

«አበራሽ ክንዷን ባስርላት ስትጮህ አደረች። መጮኋስ ደግ ነው፤ አጥንት ሲገጥም ያማል።»

«ጣታቸውስ?»

«ቀዝቅዟል፤ በረዶ ነው።»

ልጅቱ ደነገጠች። «አይቆጡኝ አያ፤ ይኼ መግጠም አይደለም። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይለጠጥም። ደም ካላለፈ እጁ ይሞታል፤ የሞተ እጅ ደግሞ ይቆረጣል።»

«ተይ እንጂ! የትናንቷ ልጅ እኔን ልታስተምሪ? በሰባተኛው ቀን ነው የሚፈታ፤ አባቴም እንዲሁ ነበር!» አሉ።

«እኔን አይመኑ። የራስዎን ጥፍር ጫን አድርገው ይልቀቁት።»

ጫኑት፤ ነጣ። ሲለቁት ወዲያው ቀላ።

«የእትዬ አበራሽም እንዲህ ከቀላ እኔ ዋሾ ነኝ።»

ከልጅቱ ጋር ቤት ገብተው የሚስታቸውን ጥፍር ጫን አድርገው ለቀቁት። ጠበቁ። ደም አልተመለሰም።

«ምነው፣ እጄ ሊቆረጥ ነው?» አሉ እትዬ አበራሽ።

አያ ይርጋ ቢላዋ አንስተው ማሰሪያውን በገዛ እጃቸው በጠሱት። ፍሬሕይወት ክንዱን በነጠላ ደግፋ፣ በባጃጅ ይዘዋቸው ከነፉ።

ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ወሬያችን ስለ መቁረጥ ነበር» አለ። ክንዱ በጄሶ ዳነ፤ ትንሿ ጣት ግን እንደደነዘዘች ቀረች።

ዛሬ አያ ይርጋ ስብራት ሲመጣባቸው በጨርቅ ላላ አድርገው ይደግፉና «በሉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል! የእኔ እጅ ቆዳ ነው የሚዳስስ፤ ራጅ ግን አጥንቱን ያያል። ሐኪም ዘንድ የደረሰ በእጁ ያርሳል፣ በእግሩ ይሄዳል» ብለው ይልካሉ።

የእትዬ አበራሽ ጄሶ በወለቀ ማግስት አያ ይርጋ እብናት ወረዱ። ከዓመታት በፊት «ቻለው፣ እየገጠመ ነው» ብለው ክንዱን ያሰሩለትን አስናቀን ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። አስናቀ አዳመጣቸውና እጁን ዘረጋላቸው። የዘረጋው ግራውን ነው፤ ቀኙ የለም።