ለእማማ ድንቄ ድንኳን

ደሴ፣ በሐምሌ ዝናብ፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽታዬ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ጎረቤታቸው ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማባቸዋለች።

ሽታዬ፦ ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶ ነው አልኩሽ። በቃ።

ደብሪቱ፦ የእማማ ድንቄን ቆርቆሮ ትናንት ነፋስ ገንጥሎታል፣ ጋሽ ሽታዬ። ዝናቡ አልጋቸው ላይ እየወረደ ነው።

ሽታዬ፦ ቀበሌ ሂጂ።

ደብሪቱ፦ ከዚያ ነው የመጣሁት። ድሮ ክረምት ሳይገባ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚጠግኑት እነሱ ነበሩ። አሁን በጀት የለንም፣ በጎ አድራጎት ድርጅቱን ጠይቂ አሉኝ።

ሽታዬ፦ ድርጅቱስ?

ደብሪቱ፦ ረጂዎቹ ቀንሰውባቸዋል። የቀረው ስልጠና ብቻ ነው አለችኝ ቢሯቸው ያገኘኋት ልጅ። ስለ ቤት አያያዝ።

ሽታዬ፦ ምን አልሻት?

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ ቤት ይኑራቸው አልኳት። እድራችሁ አለ አይደል ብላ ሸኘችኝ።

ሽታዬ፦ ሁሉም እኛ ላይ ይጥላል። እኛ እኮ ቀባሪዎች ነን። ዛሬ ድንኳን ብሰጥ ነገ መድኃኒት፣ ከነገ ወዲያ የልጆች ደብተር ይሉኛል።

ደብሪቱ፦ ይሉዎታል። ሌላ የሚሉት ሰው የላቸውማ።

ሽታዬ፦ ዛሬ ሰው ቢሞትስ? ለቀስተኛውን ዝናብ ላይ ላስቀምጥ?

ደብሪቱ፦ እማማ ድንቄ ቢሞቱ ድንኳኑ የማን ነው?

ሽታዬ፦ የእሳቸው ነዋ። አባል ናቸው።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ቀድመው ይውሰዱት።

ሽታዬ፦ አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ።

ደብሪቱ፦ አምና እናቴ በሚያፈስ ቤት ታማ ስትተኛ ላስቲክ እንኳ የሰጠን አልነበረም። በሞተች ዕለት ግን ይሄው ድንኳን ተተከለ። ሦስት ቀን ሲዘንብ አንዲት ጠብታ አልነካችንም። ሰው እናቷን እያሰበች ታለቅሳለች ይላል፤ እኔ ቀና ብዬ ሸራውን ነበር የማየው።

ሽታዬ፦ እኔ ነኝ የተከልኩት።

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ። ደህና አድርገው ነበር የተከሉት።

ሽታዬ፦ ሰውን ምን እለዋለሁ? ድንኳን ያየ ሁሉ ሞቱ ብሎ፣ ምግቡን ተሸክሞ እያለቀሰ ይመጣል።

ደብሪቱ፦ ግቡ፣ በሕይወት አሉ ይበሏቸው። ያመጡትንም እማማ ድንቄ ይብሉት፤ የቀብራቸው ዕለትማ አይቀምሱትም።

ሽታዬ፦ በይ፣ ሸራው ለአንድ ሰው ይከብዳል። በዚያ በኩል ያዢ።