ፎቶው ይቆይ፣ ሰውዬው ይቅረብ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ዳልጮ እዚህ ጤና ኮሌጅ ሥራ የጀመሩ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም። ስለዚህ ወሬውን የተዋስኩት ከገንዘብ ያዣችን ከእትዬ ጥሩነሽ ነው፤ ውሸት ካለበት እሳቸውን ጠይቁ።

ጋሽ ዳልጮ ከአገራቸው ከቦምቤ ተነስተው፣ አዲሱ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ በሩ ላይ ደረሱ። ዘበኛው ባለጉዳይ መስለውት፣ «ሬጅስትራር ነው? ሰልፉ ያውና!» አላቸው። እሳቸውም ሰልፍ አያፈርሱም፤ ተሰለፉ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ መስኮቱ አይከፈትም። በመጨረሻ ከፊታቸው ያለውን ሰው፣ «ምን እየተጠበቀ ነው?» ቢሉት፣ «አዲስ ሠራተኛ ተቀጥሯል አሉ፤ እስካሁን አልመጣም። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ የሚያረፍድ ሰው ኋላ ምን ሊሆን ነው!» አላቸው።

ሹልክ ብለው ገብተው መስኮቱን ከውስጥ ከፈቱት።

ይሳቁ ጋሽዬ፣ ገና ነው።

እንግዶቻችን፣ ሥራቸውን ልንገራችሁ። አንድ ነርስ ወይም ሚድዋይፍ ውጭ አገር ለመሥራት ሲያስብ፣ የዚያ አገር የጤና ባለሙያዎች መዝጋቢ «የዲፕሎማህን ኮፒ ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን አስመስክረህ ላክ» ይለዋል። ፎቶም ይጠይቃል፤ ከጀርባው «ይህ የእገሌ ትክክለኛ መልክ ነው» ተብሎ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት። ሌላ ቦታ ማኅተም ይመታና «ቀጥሎ!» ነው። እኛ ጋ ግን «ፎቶው ይቆይ፣ ሰውዬው ይቅረብ!» ነው። ከዚያ ጋሽ ዳልጮ ወደ ብርሃኑ ያዞሩሃል፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፤ አንተ መተንፈስ ታቆማለህ።

ኤልሳዕ፣ አለህ? እሱ ሊያስፈርም ፂሙን አሳድጎ የመጣ ጊዜ «ይህን ልጅ አላውቀውም» አሉት። ሮጦ ተላጭቶ ሲመለስ፣ «አሁን ደግሞ ከስተሃል» አሉት!

አንዲት እናት ደግሞ የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ከዲምቱ መጡ። «ልጄ ሥራ ላይ ነው። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?»

«እሱስ ልክ ነው እናቴ። ግን እርስዎ የሚያዩት የአምስት ዓመቱን ልጅ ነው። የዛሬውን ያምጡልኝ።»

እናትየው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ እንባቸው መጣ።

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ የእያንዳንዱ ጉዳይ ደቂቃ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍም ጋሽ ዳልጮ ሚስማሩን ራሳቸው መቱ። «እናንተ ሰዓቱን እዩ፤ እኔ ሰውየውን አያለሁ።» እኔ ነርስነት ተምሬ «ለጊዜው» ተብዬ እሳቸው ጋ የተመደብኩት፣ ከኋላ ሆኜ እንተከተክ ነበር። «ጋሽዬ፣ ቶሎ ቶሎ እንበል እንጂ! ሰልፉ በሩ ላይ ደረሰ!»

«ሜላት፣ አንቺ እኮ ዝናብ እንኳ እስኪያባራ አትጠብቂም» ይሉኛል።

ባለፈው ወር እኔም ውጭ አገር ለመሄድ የራሴን ወረቀት ይዤ ከመስኮቱ በወዲያኛው በኩል ቆምኩ። ፎቶዬን ቶሎ ለመስጠት ፈራሁ። ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ጋሽ ዳልጮ «ወንበሬን ለሜላት ስጡልኝ» ብለው ዲኑን ለምነውልኛል። እሳቸው ካልፈረሙልኝ መሄድ አልችልም። ከፈረሙልኝ ደግሞ ያሰቡትን ሰው ያጣሉ።

«ሴትዮዋ ትቅረብ» አሉ። ቀረብኩ። አዩኝ፣ አዩኝ፣ አዩኝ።

«ጋሽዬ፣ ቀኑን ሙሉ አጠገብዎ ነው የምውለው። ምን ይፈልጉብኛል?»

«የሄደ ልጅ እናት መጥታ፣ ሲወጣ እንዴት ነበር ብትለኝ፣ ማኅተሙ ደህና ነበር ልበላት? ሲሄድ ደህና አድርጎ ያየው አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው።»

«እኔ በመሄዴ ቅር አላለዎትም?»

«ብሎኛል እንጂ። ግን የኔ ቅር ማለት ከፎቶው ጀርባ አይጻፍም» አሉና ፈረሙ።

ጋሽ ዳልጮ፣ «ነገ ነዪ» ቢሉኝ ማን ይጠይቅዎ ነበር? በዚህች አገር ስንት ሰው «ነገ ና» እየተባለ ቀርቷል! እርስዎ ግን እያመመዎት ፈረሙ። የማመሰግንዎት ዛሬ ነው፤ ያን ቀን ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ዲኑ ስለ ወንበሩ እስካሁን መልሴን እየጠበቁ ነው። ሌላ ቦታ ከሚሰሙት እዚህ፣ ጋሽዬ፣ በእርስዎ ፊት ልናገረው፦ እሄዳለሁ። ወረቀቴ ተልኳል። ከውጭ መልሱ እስኪመጣ ከአዲሱ ባልደረባችን ከቃለሕይወት ጎን እቀመጣለሁ፤ ወንበሩን እሱ ይረከባል። እንዳይሰጉ፤ ትናንት አንዷን ልጅ «ሻሽሽን አውርጂና ወደ ብርሃኑ ዞር በዪ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ተነጫነጨች። እሱ ግን አልቸኮለም።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሱልኝ። ጋሽዬ፣ ቦምቤ የተከሉት ዝንጅብል ይያዝልዎ። ጉልበትዎ አይክዳዎ፤ የልጅ ልጆችዎ በዙሪያዎ ይሙሉ። መልሱ የመጣልኝ ቀን፣ ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ቦምቤ እመጣለሁ። የሚፈረም ነገር አልይዝም። ዝም ብለው ያዩኛል።

ለጋሽ ዳልጮ!