በአንዲት ቁጥቋጦ የተሞላ የሻይ ማሳ

አዛውንቱ የሻይ ገበሬ ችግኝ የጫነ ጋሪ እየገፉ ወደ ማሳቸው ሲወርዱ፣ የዕፅዋት ትምህርት ተምራ የተመለሰችውን የእህታቸውን ልጅ መንገድ ላይ ድንገት አገኟት። ጉንጯን ስመው ሳይጨርሱ የልጅቷ ዓይን ከችግኞቹ ላይ አረፈ።

«አጎቴ፣ ዘንድሮም ከእትዬ ተክል ነው የቆረጡት?»

«ታዲያ ከጎረቤት ልለምን?»

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የአዛውንቱ ሥራ ይኸው ነበር። ሟች ከደጃፍ የተከሏትን አንዲት የሻይ ቁጥቋጦ ቅርንጫፏን እየቆረጡ ሥር ያስይዛሉ፤ በዘር የበቀለውን የድሮ ሻይ ነቅለው በምትኩ እርሷን ይተክላሉ። ዓይናቸው ባረፈበት ሁሉ የሟችን እጅ ሥራ ማየት ነበር ምኞታቸው። ናፍቆት ገበሬ ሲሆን አንድ ተክል ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ከወንዙ ማዶ ያለውን ማሳ አይተውታል?»

«አየሁት፤ እሳት የበላው ይመስላል።»

«እነርሱም ከአንድ ተክል እየቆረጡ ነው የሞሉት። ከቅርንጫፍ የተባዛ እኮ ልጅ አይደለም፤ ያችው ራሷ ናት። በሽታ አንዷን ከጣለ ሁሉንም ይጥላል። በዘር የበቀሉት ግን እንደ ወንድምና እህት ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይቋቋማል።»

«የዘሩማ እንደ ሰፈር ልጅ ነው! አንዱ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ሌላው ተኝቶ ይከርማል። ለለቀማም አይመች።»

«አበባዋንስ ለምን ይቀጥፉባታል?»

«ቅጠሉን ያቀጭጨዋላ!»

«ስለዚህ እስከ ዛሬ አልወለደችም። ብታብብም ከራሷ አምሳያ ጋር ፍሬ መያዝ ይቸግራታል፤ ሌላ ዓይነት ሻይ አጠገቧ ያስፈልጋታል። አጎቴ፣ ተክሏን እያበዟት አይደለም፤ እያመከኗት ነው። በሽታው ወንዙን የተሻገረ ቀን እትዬን ዳግመኛ ይቀብሯቸዋል።»

አዛውንቱ ከጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«አነጋገርሽ ቁርጥ እትዬሽን ነው፤» አሉ። «ሰው ተቀመጥ እንኳ ሳይባል!»

ልጅቷ ደንግጣ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

«ተይው። ከፍሬዋ የሚበቅለው ይመስላታል?»

«አንዱ በቅጠሉ፣ አንዱ በመዓዛው ይመስላት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ግን ከአሁኑ ልነግርዎ አልችልም። ጠብቆ ማየት ነው።»

ከቀብሩ ወዲህ አዛውንቱ የሚጠብቁት ነገር አልነበራቸውም። ተነሥተው ጋሪውን ወደ ቤት አዙረው፣ «በይ ግፊ፤ ጉልበቴን በወሬ ጨርሰሽዋል፤» አሏት።

አበባው ሳይቀጠፍ ቀረ፤ ከየጎረቤቱ ልዩ ልዩ የሻይ ዘር መጥቶ ከደጃፏ ተክል አጠገብ ተዘራ። እርሷም ፍሬ ስትይዝ ዘሯ በማሳው ተዘራ። ዓመታት አልፈው በሽታው ወንዙን ሲሻገር በቅርንጫፍ የተሞላው ክፍል ደረቀ፤ የደጃፏም ተክል አልተረፈች። በዘር የበቀለው ግን አብዛኛው ቆመ፤ ዝናብ ሲዘገይም የሚታገሥ አልታጣበትም፤ ቡቃያው በየተራ ስለሚደርስ ለቀማው ቤተሰቡን ከአቅም በላይ አያጣድፍም። ብዙ ዓይነት የዘራ ሰው አንድ መከራ ባዶ እጁን አያስቀረውም።

አዛውንቱም ማለዳ ማለዳ ከፍሬዋ ከበቀሉት ወጣት ተክሎች ቅጠል እየቀጠፉ በመዳፋቸው ያሹና ያሸታሉ።

«ይቺ አይደለችም፤» ይላሉ ለእህታቸው ልጅ፣ ወደሚቀጥለው እየተራመዱ። «ግን ትቀርባለች።»