በ«አ» ብቻ ያዜምንበት በጋ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቅረሥላሴ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን አመራሮች፣ እንዲሁም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፋችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ልጆቼ፤ አካም ጅርቱ? እንደምን ዋላችሁ? ይህን ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ስጦታውንም በስርቆት አይቼዋለሁ። ብርድ ልብስ ነው። ዕድሜ ልኬን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርቼ ብርድ ልብስ ተሸለምኩ! ሳቁ፣ ሳቁ፤ ዛሬ ሳቅ ነው የምፈልገው።

ማይክሮፎኑን ውሰዱልኝ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? በሩ ላይ ያለው ዘበኛም ይሰማኛል። ጥሩ።

ዛሬ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቻለሁ። ጡረታ ወጣሁ ማለት ቤት ቁጭ ልል ነው ብላችሁ ካዘናችሁልኝ ተሳስታችኋል። መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በፒያኖ ታጅቤ፣ አንድ ሙሉ ምሽት ለብቻዬ ልዘፍን ነው! በስድሳ ዓመቴ! ለዚህ ነበር እኮ የተማርኩት። ከፍ ያለው ድምፄ አሁን ደረጃ ሲወጣ ትንሽ ያርፋል፤ ቢሆንም ይደርሳል።

ግን አንድ ነገር ሳልቋጭ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። የኅብረ ዜማ ቡድናችን ነገር ነው። ሰኞ ዕለት አቶ ፍቅረሥላሴ ቢሮ ገብቼ «ከእኔ በኋላ ቡድኑስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ እርስዎ ከሄዱ መሪም የለው፤ እሱም አብሮ ቢያርፍ አይሻልም?» አሉኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። እኔ ዝም ስል አይታችሁኝ ታውቃላችሁ? መልሴን ለዛሬ አቆይቼው ነው። አይጨነቁ አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ውሃዎን ይጠጡ፤ እደርስበታለሁ።

ወጣቶቹ «እትዬ፣ እውነት ኦፔራ ተምረሻል?» እያሉ ይጠይቁኛል። አዎ፣ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ። መምህሬ ማዳም ኔቬና የምትባል ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ረጅም የሆነ ሴት ነበረች። ንግሥት ሆኜ ልዘፍን፣ መድረክ ላይ በመርዝ ልሞት ነበር የሄድኩት። አገሬ ስመለስ ግን የኦፔራ ቤት የሚባል የለም። ቴአትር ቤት ተቀጠርኩ። «ድምፅሽ የሰዉን ሁሉ ዋጠው» ብለው ከኋላ ረድፍ አቆሙኝ፤ ከዚያም ሆኖ ዋጠው፤ መጋረጃ ጀርባ አቆሙኝ። ለሬዲዮ የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈንኩ። ሆቴል ውስጥ ሰው ፓስታ ሲበላ ዘፈንኩ።

ሠርግስ? ሱሉልታ አንድ ሠርግ ላይ ድንገት መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ፤ እኔ ግን ቀጠልኩ። የሙሽራው አጎት ከድንኳኑ ጫፍ «ጄኔሬተሩ ተነሳ!» ብለው አጨበጨቡ። አንዱ ደግሞ ሊሸልመኝ መጥቶ ብር ግንባሬ ላይ ለጠፈ። ትልቁን ትንፋሽ እየሳብኩ ነበርና ብሩ ተንሸራቶ አፌ ውስጥ ገባ። ተፋሁት፤ ዜማው ግን አልተቋረጠም።

ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ መውጫ ቤት የተከራየሁ ሰሞን የሆነውን ደግሞ ስሙኝ። በማለዳ ልምምዴን ጀመርኩ። ገና ከፍ ማለት ስጀምር በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል! የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ኦቦ ዘርሁን ከፊት ናቸው።

«ማን ሞተብሽ ልጄ?»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም ኦቦ፤ እየዘፈንኩ ነው።»

ኦቦ ዘርሁን ወደ ሴቶቹ ዞሩ፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እንግዲህ አንዴ ከመጣን...» ብለው ገብተው ተቀመጡ። እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈንኩላቸው። አልቅሰው ወጡ፤ ለማን እንዳለቀሱ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ዘርሁን በየማለዳው ጥሩምባቸውን ነፍተው «ዛሬ የሞተ የለም! የዘፋኟ ድምፅ ነው!» እያሉ ይዞሩልኝ ጀመር። እንደ እሳቸው ያለ አስተዋዋቂ በየትኛውም መድረክ ገጥሞኝ አያውቅም።

ወደዚህ ፋብሪካ ያመጣኝም ዘፈን አይደለም። የሽመና መኪኖቹ ከቡልጋሪያ የመጡ ነበሩና መመሪያቸውን የሚተረጉም ጠፋ። እኔ የማውቀው ቡልጋርኛ ደግሞ የፍቅርና የልቅሶ ነው። «ወዮ ከዳኸኝ» ማለት እችላለሁ፤ «ማርሹን ቀባ» ማለት ግን አልችልም። መካኒኮቹ ምስክሬ ናቸው፤ በመጀመሪያው ትርጉሜ አንዷን መኪና ወደ ኋላ አስሸመንናት።

ኋላ ወደ ሠራተኛ ደኅንነት ክፍል ተዛወርኩ፤ ቡድናችንም በዚሁ የምግብ አዳራሽ ተመሠረተ። ከዚያ ባለፈው ኅዳር መጣ።

ያን ጊዜ ለማስታወስ ማንም አይቸገርም። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ ተቃውሞው ተቀጣጥሎ መንገድ ተዘጋ፣ ሰርቪሱ ቆመ፣ ከቡራዩ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ጀመር። ዛሬ ፋብሪካው ሊቃጠል ነው ይባላል፤ ማታ እገሌ ታሰረ ይባላል። ይህ አዳራሽ ደግሞ ተከፋፈለ። ከደቡብ የመጡት ልጆች በዚያ ጠረጴዛ፣ የአካባቢው ልጆች በወዲያኛው፣ የቢሮ ሰዎች እዚህ። የአንዱ ስልክ ሲጮህ ሌላው ይደነግጣል። አብረው በፈረቃ ያደሩ ሰዎች ሰላምታ ሲሰስቱ እያየሁ አለቀስኩ። እውነት ነው፤ መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

የልምምድ ቀን ሲደርስ ከቡድኑ ግማሹ ቀረ። የመጡትም ተፋጠጡ። አንዱ «በማን ቋንቋ ነው የምናዜመው?» አለ። ጣቢታ፣ የሽመና ክፍሏ ጣቢታ፣ «እኔ ደግሞ ጌታን ተቀብያለሁ፤ መዝሙር ካልሆነ ዘፈን አልዘፍንም፤ ያውቃሉ እትዬ» አለችኝ። ምን ልበል? በአማርኛ ብል አንዱ ይከፋዋል፤ በኦሮምኛ ብል ሌላው ይፈራል።

ያኔ ማዳም ኔቬና ትዝ አለችኝ። ሶፊያ እንደገባሁ ለወራት አንድም ቃል አላዘፈነችኝም። በ«አ» ብቻ! «ቃል የሚሰጠው አፍ መክፈት ለቻለ ሰው ነው» ትለኝ ነበር። «በቃ፣ አፋችሁን ክፈቱ፤ አ በሉ» አልኳቸው። ዘፈንም አይደለ፣ መዝሙርም አይደለ፣ የማንም ቋንቋ አይደለ።

ጫኝና አውራጁ ከሊፋ በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ታናሽ ወንድሙ ታስሮ ነበር፤ የአባቱም ማሳ ሊወሰድ ነው እየተባለ ነበር። ከእኛ ጋር መነጋገር ካቆመ ሰንብቷል። እኛን ደጋግሞ አየና «ምንድን ነው ይሄ? ጥርስ ሐኪም ቤት ነው እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ። በሚቀጥለው ሐሙስ ገብቶ ከኋላ ቆመ፤ ያ ወፍራም ድምፁ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን ተንቀጠቀጠ።

«ለምን ተመለስክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አዴ ሮማነወርቅ፣ ብናገር ያስሩኛል፤ ዝም ብል ለራሴ አፍራለሁ። እዚህ ግን የፈለግኩትን ያህል ብጮህ ምን አልክ የሚለኝ የለም» አለኝ። ተሳስቷል ብሎ ማን አስቦ! ብዙም ሳይቆይ ግን ጠያቂው መጣ። አንድ የጸጥታ ሰው።

«የምትለማመዱት ግጥም በጽሑፍ ይቅረብ።»

«ግጥም የለውም።»

«ግጥም የሌለው ነገር አልፈቅድም።»

ወረቀት አውጥቼ ከላይ እስከ ታች «አ» ብዬ ሞልቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። በጥሞና አነበበ። «ሦስተኛው መስመር ላይ ለምን በዛ?» አለኝ። «እዚያ ጋ ዜማው ይረዝማል» አልኩት። ደግሞ አነበበና «ችግር የለውም፤ ብቻ እጅ ወደ ላይ ማንሳት አይቻልም፤ የተቃውሞ ምልክት ነው» ብሎ ሄደ። የእኔ ሥራ ደግሞ እጅ ማንሳት ነው! ያን በጋ ሙሉ እጄን ኪሴ ከትቼ በቅንድቤ መራሁ።

ሲውል ሲያድር ቃላት መጡ። ጣቢታ እናቷ በወላይትኛ ልጅ የሚያባብሉበትን እሹሩሩ አመጣች፤ ከሊፋም ተማረላት። ቀጥሎ ከሊፋ አባቱ እህል ሲያጭዱ የሚሉትን አመጣ። ጣቢታ ፈራ ተባ እያለች «ይሄ ዘፈን ነው መዝሙር?» አለችው። «እርሻ ነው» አላት። «እርሻ ከሆነስ እሺ» ብላ ገባችበት። ጠረጴዛዎቹን ያገጣጠመ ስብሰባ አልነበረም፤ እነዚህ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ አቶ ፍቅረሥላሴ። መሪ የለውም ብለውኝ ነበር። ጣቢታ አለች፣ ከሊፋ አለ፤ ሁለቱም ከእኔ የተሻለ ጆሮ አላቸው። ነገ መንገዱ ዳግም ቢዘጋ፣ እነዚህ ልጆች ተለያይተው ቢፈራሩ ይሻላል ወይስ አብረው ቢያዜሙ? የምለምንዎት ዩኒፎርም አይደለም፤ አበል አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የዚህን አዳራሽ ቁልፍ ብቻ።

ምን አሉ? ጮክ ይበሉ እንጂ! «እኔም መግባት ይቻላል ወይ?» ነው ያሉት! ሰማችሁ? ይቻላል እንጂ ጌታዬ! ቁልፉን ግን መጀመሪያ። አወጡት! አጨብጭቡላቸው! ነይ ጣቢታ፣ ተቀበዪ። ከሊፋ፣ አንተም ና፤ ሁለታችሁም ያዙት። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አቶ ፍቅረሥላሴ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ልጆቼ፣ ፈረቃችሁ ሰላም ይሁን፤ በሌሊት የወጣችሁ በጤና ግቡ። የታሰሩት ይፈቱ፤ የፈሩት ይረፉ። የገበሬው ማሳ ለገበሬው፣ የሠራተኛው ጎጆ ለሠራተኛው ይባረክ። ለልጆቻችሁ ያሰባችሁት ሁሉ ይድረስ። በየእምነታችሁ አሜን በሉ።

አሁን አንድ ወንበር አምጡልኝ። እዚህ መሐል፣ ከሰው ጋር። ስንት ዓመት ሙሉ ፊታችሁ ቆሜ ስህተት ስለቅም ኖርኩ እንጂ፣ እንደ ሰው ተቀምጬ ሰምቻችሁ አላውቅም። ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ እየመታ ነው። ብትሳሳቱም ዛሬ አልናገርም። ጀምሩ።